ጥፋቱ የማን፣ ቁጣው በማን?

በመጽሐፈ ምሳሌ 19ኛው ምዕራፍ፣ ሦስተኛው ቁጥር ላይ፣ ስለ ሰው ልጅ ባሕርይ የተጻፈ አንድ መራር ትዝብት አለ። ሰው በገዛ አለማስተዋሉ ኑሮውን ካበላሸ በኋላ ወቀሳውን ወደ ላይ፣ ወደ ፈጣሪው ይልካል የሚል ነው። ይህን ትዝብት ባለፉት ዘመናት ሁለት ዓይነት ሰዎች አንሥተውታል። አንደኞቹ ራሳቸውን ለመመርመር ተጠቅመውበታል፤ ሌሎቹ የወደቀውን ሰው ለመምታት። ሁለቱም ቃሉን ያውቁታል፤ ሁለቱም ለእግዚአብሔር ክብር እንደቆሙ ይናገራሉ፤ ፍሬያቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ ነው። ስለዚህ ክርስትና በእግዚአብሔር ላይ ስለ መቆጣት ምን እንደሚያስተምር ለማወቅ የሚሻ ሰው ጥቅሱን ማንበብ ብቻ አይበቃውም። ከተማ ሲቃጠል፣ ምድር ስትናወጥ፣ ሕዝብ ሲራብ ይህ ተግሣጽ ከማን አፍ እንደወጣና በማን ላይ እንዳረፈ መከታተል ይኖርበታል። ተግሣጹ የተሰጠው መንገዱን ላበላሸው ለራሱ ለጥፋተኛው ነው ብዬ እከራከራለሁ። በሌላ ሰው ጥፋት ለሚሠቃይ ሰው ሲሰጥ ግን ተግሣጹ ራሱ ሌላ ሞኝነት ይሆናል፤ ይህንንም የሚኮንነው ራሱ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ታሪኩ ረጅም ስለሆነ በየዘመኑ ቅደም ተከተል እንሄዳለን፤ ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ትዝብቱ በአንድ ሕዝብ ላይ ሲፈጸም በግልጽ የታየው ኢየሩሳሌም በወደቀች ጊዜ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ነው። ንጉሥ ሴዴቅያስን በዙፋን ያስቀመጠው የባቢሎኑ ናቡከደነፆር ነበር። ሴዴቅያስ በእግዚአብሔር ስም ምሎ ገባለት፤ ቆይቶ ግን የግብፅን ፈረሰኛ ተማምኖ መሐላውን አፈረሰ። ነቢዩ ኤርምያስ እጅህን ብትሰጥ ከተማይቱ አትቃጠልም፣ አንተም ትተርፋለህ ብሎ መክሮት ነበር። ንጉሡ ምክሩን ያልተቀበለበትን ምክንያት ራሱ ተናግሯል፤ አስቀድመው ወደ ባቢሎናውያን የገቡ አይሁድ እንዳይዘባበቱበት ፈራ። መሳቂያ እንዳይሆን ሲል ከተማውን አስቃጠለ፤ ልጆቹ በፊቱ ታርደው የገዛ ዓይኖቹም ወጡ። ከዚህ ሁሉ ጋር በአንድ ዘመን በኮቦር ወንዝ አጠገብ የተሰደዱት አይሁድ ምን ይሉ እንደነበር ሕዝቅኤል መዝግቦልናል። አባቶቻችን በበሉት ጎምዛዛ ወይን የእኛ ጥርስ ተበላሸ፣ የጌታም መንገድ የቀና አይደለም ይሉ ነበር። ንጉሥ መሐላ እንዳፈረሰ፣ መኳንንት ድሀውን እንደገፈፉ፣ ሐሰተኛ ነቢያት ሰላም ነው እያሉ እንደሸነገሉ ማንም አላነሣም። ቁጣው በቀጥታ ወደ ሰማይ ወጣ። ሕዝቅኤል የመለሰላቸው እያንዳንዱ የሚጠየቀው በራሱ ሥራ እንደሆነ፣ ተመልሶ መኖርም እንደሚቻል ነው። መልሱ ማስፈራሪያ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ ነጻ የሚያወጣ ነገር አለ። ጥፋቱ የሰው ከሆነ በሰው ሊታረም ይችላልና። ሁሉንም በእግዚአብሔር ላይ የጣለ ሰው ምንም የሚያርመው ነገር አይቀረውም፤ ተቀምጦ መማረር ብቻ ነው የሚተርፈው።

ሆኖም በዚያው ዘመን፣ ስለዚያው ከተማ የተጻፈ ሌላ መጽሐፍ አለ። ሰቆቃወ ኤርምያስ እግዚአብሔርን ቀስቱን እንደገተረ ጠላት አድርጎ እስከ መናገር ይደርሳል፤ እናቶች ልጆቻቸውን እስኪበሉ ድረስ ያየውን ሁሉ በፊቱ ይዘረግፋል። ያ መጽሐፍ አልተጣለም፤ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ተቆጥሮ ይነበባል። ታዲያ በኮቦር ዳር የተኮነነው ምሬት እና በሰቆቃው የተቀደሰው ምሬት በምን ይለያያሉ? ቃላቱ ለስላሳ ወይም ሸካራ በመሆናቸው አይደለም፤ የሰቆቃው ቃል ይልቅ ይከብዳል። የሰቆቃው ጸሐፊ የሚጮኸው ወደ እግዚአብሔር ነው፤ በጩኸቱም መካከል በድለናል፣ ዐመፅን አድርገናል ይላል። ስደተኞቹ ግን እግዚአብሔርን የሚያነሡት ስለ ራሳቸው ላለመናገር ነው። ልዩነቱ ቁጣው ምርመራን በመክፈቱና በመዝጋቱ ላይ ነው። በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ያለው እሮሮ ሁሉ፣ በመጨረሻም ክርስቶስ በመስቀል ላይ በመዝሙር 22 ቃል ወደ አባቱ መጮኹ ከዚህ ወገን ነው። ክርስቲያን በመከራው ጊዜ ለምን ብሎ መጠየቅ የለበትም የሚሉ ሰዎች ከራሳቸው ጌታ የበለጠ ሃይማኖተኛ ለመሆን የሚሞክሩ ናቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። የሚሠቃየው ሰው ምንም ያላጠፋ ከሆነስ? መጽሐፈ ኢዮብ የቆመው ለዚህ ጥያቄ ነው። የኢዮብ ሦስቱ ወዳጆች፣ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር፣ የመጽሐፈ ምሳሌን ትምህርት ጠንቅቀው የሚያውቁ ናቸው። ሰው የዘራውን ያጭዳል፤ ስለዚህ ይህን ያህል ያጨደ ሰው አንድ ነገር ዘርቷል፤ አሁን የሚቆጣውም ኃጢአቱን ስላልተናዘዘ ነው። ሙግታቸው አይሰናከልም፤ ስንኞቻቸው ሳይቀሩ ያማሩ ናቸው። በመጨረሻው ምዕራፍ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ላይ ነው። ስለ እርሱ ቅን ነገር የተናገረው ሲማረርና ሲከራከር የነበረው ኢዮብ እንደሆነ ነግሮ፣ ኢዮብ ካልጸለየላቸው ምሕረት እንደማያገኙ ያስታውቃቸዋል። ጌታ ኢየሱስም በዚሁ መስመር ሄደ። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናገረ፤ ከዚያም ፊቱን ወደ ጠያቂዎቹ መልሶ ስለ ራሳቸው ንስሐ ገሠጻቸው። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠየቅም እርሱም ወላጆቹም አልበደሉም አለ። በሌላ በኩል ያዕቆብ በመልእክቱ ማንም በገዛ ምኞቱ ተስቦ ሲወድቅ እግዚአብሔር ፈተነኝ እንዳይል ይከለክላል። እንግዲህ በአንደኛው ክፍለ ዘመን ወሰኑ ተሠምሮ ነበር ማለት ነው። ስለ ራስህ ጥፋት እግዚአብሔርን አትክሰስ፤ ስለ ወንድምህ ሥቃይም ወንድምህን አትክሰስ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ይህ ወሰን የተጠበቀበትና የተጣሰበት ታሪክ ነው።

በአራተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በአምስተኛው መጀመሪያ ጉዳዩ የሊቃውንት ዋና ጉዳይ ሆነ፤ የሮም ዓለም እየፈረሰ ነበርና። ዮሐንስ አፈወርቅ በ404 ከቁስጥንጥንያ መንበሩ ተባርሮ በአርመንያ ተራሮች በግዞት ሳለ፣ ራሱን የማይጎዳ ሰው ማንም ሊጎዳው አይችልም የሚል ድርሳን ጻፈ። ቃሉ በተደላደለ ሰው አፍ ቢነገር ጭካኔ በሆነ ነበር። እርሱ ግን የጻፈው በብርድና በሕመም እየማቀቀ ስለ ራሱ ነው፤ በ407 ወደ ባሰ ግዞት ሲነዳ በመንገድ ላይ ሞተ። ከእርሱ ዲቁና የተቀበለው ዮሐንስ ካሲያን ደግሞ ከግብፅ በረሃ መነኮሳት የተማረውን ይዞ ወደ ማርሴ ሄደና ስለ ቁጣ ጻፈ። ካሲያን የነገረን ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ትልቅ ማስረጃ ነው። ሰው የሚያስቆጣው ሰው በሌለበት በረሃ ብቻውን ሲቀመጥ በመቃ ብዕሩ፣ በደነዘ ቢላዋው፣ እሳት አልወልድ ባለው ባልጩቱ ላይ እንደሚቆጣ በራሱ ላይ የደረሰውን ይናገራል። ቁጣው ከውስጥ የሚወጣ ነው፤ ከፊቱ ያገኘውን ይይዛል። ሰው ሁሉ ከተወገደ በኋላ የሚቀረው ደግሞ እግዚአብሔር ነው።

በነሐሴ 410 የቪሲጎቶች ንጉሥ አላሪክ ሮምን ያዘ፤ ወታደሮቹም ለሦስት ቀን ዘረፏት። ለስምንት መቶ ዓመት ገደማ ጠላት ያልገባባት ከተማ ስትደፈር ጣዖት አምላኪዎቹ ይህ የመጣው አማልክታችንን ትተን ክርስቶስን በመቀበላችን ነው አሉ፤ ከክርስቲያኖቹም ብዙዎች በልባቸው ተጠራጠሩ። አውግስጢኖስ በ413 ጀምሮ በ426 የፈጸመው፣ 22 መጻሕፍት ያሉት «የእግዚአብሔር ከተማ» የተወለደው ከዚህ ወቀሳ ነው። ሮም ክርስቶስ ሳይሰበክ በፊት የደረሱባትን መከራዎች እያነሣ፣ ግዛቷ በሥልጣን ጥምና በእርስ በርስ ጦርነት ከውስጥ እንደተበላ አሳየ። የእኔ ልብ ይበልጥ የሚያርፈው ግን በመጀመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ባለው በሌላ ክፍል ላይ ነው። በወረራው የተደፈሩ ሴቶች ነበሩ፤ ከአፍ የወጣ ስድብም ተከትሏቸዋል። አውግስጢኖስ በእነርሱ ላይ ምንም በደል እንደሌለ፣ ፈቃዳቸው ያልተባበረበት ግፍ ንጽሕናቸውን እንደማያጎድፍ፣ በእፍረት ራሳቸውን ሊያጠፉም እንደማይገባ ተከራከረላቸው። ከተማይቱን እየገሠጸ ሴቶቹን ተከላከለ። ጥፋተኛውና ተጎጂው አንድ ሰው እንዳልሆነ በግልጽ ለይቶ የጻፈበት ቦታ ይህ ነው።

ይህን መለየት ከሁሉ በበለጠ ድፍረት የፈጸመው ግን ስሙ በእኛ ዘንድ እምብዛም የማይነሣ አንድ ቄስ ነው። ሳልቪያን ይባላል፤ የማርሴ ካህን ነበር፤ ጎል ከምትባለው፣ አብዛኛዋ ዛሬ ፈረንሳይ ከሆነችው አገር ሰሜናዊ ክፍል ሸሽቶ የመጣ። በ440 ገደማ የጻፈው «ስለ እግዚአብሔር አስተዳደር» የሚለው መጽሐፉ ስምንት ክፍሎች ደርሰውናል። መነሻው የሚሰማው እሮሮ ነው። እኛ ክርስቲያኖች ነን፤ አረመኔዎቹ ግን ያሸንፉናል፤ እንግዲህ እግዚአብሔር የሰውን ነገር ትቶታል ይሉ ነበር ሰዎቹ። ሳልቪያን ስለ እግዚአብሔር ምሥጢራዊ ፈቃድ ከማውራት ይልቅ የግብር መዝገብ ገለጠ። ግብር እንዲጨመር የሚወስኑት ባለጸጎች ናቸው፤ የሚከፍሉት ግን ድሆች። የግብር ቅናሽ ሲታወጅ ቅናሹን የሚወስዱት እነዚያው ባለጸጎች ናቸው። ትንሹ ገበሬ ከለላ ፍለጋ መሬቱን ለአንድ ጌታ ያስረክባል፤ መሬቱ ከእጁ ከወጣ በኋላም ግብሩ በስሙ ይቀራል። ልጆቹ ገባር ሆነው ይቀራሉ። በዚህም ምክንያት ከሮማውያን መካከል ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ሰዎች ቋንቋውንና ልማዱን ወደማያውቁት ወደ ጎቶች አገር ይሰደዱ ነበር፤ በሮማውያን መካከል ያጡትን የሮማውያን ሰብአዊነት በአረመኔዎች ዘንድ ሊፈልጉ። ሌሎቹ ባጋውዳ የተባሉት ሽፍቶች ሆኑ። ሳልቪያን ስለ ሽፍቶቹ ሲናገር ሽፍታ ያደረግናቸው እኛ ነን፤ አሁን ደግሞ በሽፍትነታቸው እንከስሳቸዋለን ይላል። ትሪየር የምትባለው ከተማ ደጋግማ ስትወድም ያየውንም ጽፏል። የወንድና የሴት ሬሳ ራቁቱን በየመንገዱ ተጥሎ ውሻና አሞራ ሲበላው ዓይኑ አይቷል፤ ከጥፋቱ የተረፉት ጥቂት መኳንንት ግን ከንጉሠ ነገሥቱ የጠየቁት የፈረስ እሽቅድምድም ትርኢት ነበር። በ439 በቫንዳሎች እጅ በወደቀችው በካርታጎም ጠላት በቅጥሩ ሥር ሲጮኽ ሕዝቡ በትርኢቱ ሜዳ ይጮኽ እንደነበር ይናገራል።

ሳልቪያንን የሚነቅፉ ሁለት ነገር ያነሣሉ፤ ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል። አንደኛው አረመኔዎቹን ከሚገባው በላይ አሳምሯቸዋል የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ሰባኪ ነበርና ወገኑን ለማሳፈር ባዕዱን ከፍ አድርጎ ሥሏል። ሁለተኛው ግን ይከብዳል። መከራ ሁሉ የኃጢአት ዋጋ ነው ካለ ከኤልፋዝና ከበልዳዶስ በምን ተሻለ? በእኔ ዕይታ በሁለት ነገር ይሻላል። የኢዮብ ወዳጆች አመድ ላይ የተቀመጠውን ሰው ገሠጹ፤ ሳልቪያን ግን ግብር ጫኙን፣ ዳኛውን፣ የመሬት ጌታውን፣ ከዚያም የራሱን ማዕርግ ካህናት ሳይቀር ገሠጸ። ደግሞም «እናንተ» ከማለት ይልቅ «እኛ» ይላል። የጠቆመው ጥፋትም ሊቆጠርና ሊመረመር የሚችል ነው። ዛሬ የሮምን ውድቀት የሚያጠኑ የታሪክ ሊቃውንት በጎል ስለነበረው የግብር ጭቆና ሲጽፉ የሳልቪያንን መጽሐፍ እንደ ምስክር ይጠሩታል። እግዚአብሔርን ለመከላከል የተጻፈ መጽሐፍ የድሀውን አቤቱታ ጠብቆ አቆየ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ክፍለ ዘመናት ፈጠን ብሎ ማለፍ ይቻላል። ታላቁ የሮም ጎርጎርዮስ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሕመምተኛ ሆኖ ሳለ በመጽሐፈ ኢዮብ ላይ 35 መጻሕፍት ያሉት ትርጓሜ አዘጋጅቶ፣ ከቁጣ የሚወለዱትን ሲዘረዝር ጠብንና ስድብን አስቀድሞ በእግዚአብሔር ላይ መሳደብን ከልጆቹ ቆጠረ። ይህ ዝርዝር በምዕራቡ ዓለም የንስሐ ትምህርት ውስጥ ለብዙ ዘመን ኖረ። በ1348 ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ አውሮፓን ሲያጠቃ ግን ትምህርቱ በብዙ ቦታ ተረሳ። የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ያሉት ራሳቸውን በጅራፍ እየገረፉ ከከተማ ከተማ ዞሩ፤ የሰው ጥፋት ነው ያሉት ደግሞ አይሁድ ጕድጓድ መርዘዋል ብለው ተነሡ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌመንት ስድስተኛ በዚያው ዓመት ባወጣው ደብዳቤ በሽታው አይሁድንም እንደሚገድል፣ አይሁድ በሌሉበት አገርም እንደገባ ጠቅሶ ክሱን ውድቅ አደረገ። አልሰሙትም። ስትራስቡርግ ወረርሽኙ ገና ሳይደርስባት፣ በየካቲት 1349፣ የራሷን አይሁድ በእሳት አቃጠለች። በእግዚአብሔር ላይ ለመቆጣት የፈራ ልብ ራሱን ከመመርመር ይልቅ ደካማውን ጎረቤት ሲበላ ከዚህ የከፋ ምሳሌ አላውቅም። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ማርቲን ሉተር በ1545 ስለ ወጣትነቱ ሲጽፍ፣ ያለ ነቀፋ የሚኖር መነኩሴ ሆኖ ሳለ ጻድቁን አምላክ ይጠላው፣ በስውርም ያጉረመርምበት እንደነበር በግልጽ ተናዘዘ። ቁጣው የመነጨው በገዛ ጥረቱ ሊጸድቅ በመሞከሩ እንደሆነ በኋላ ገባው። ቁጣውን ደብቆ ቢቀመጥ ኖሮ ስሕተቱንም ባላገኘ ነበር። ይህን የምጠቅሰው ቁጣን ማፈን መድኃኒት ነው ለሚሉ ሰዎች ነው።

ኅዳር 1 ቀን 1755፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ጠዋት፣ የፖርቱጋሏ ሊዝበን በምድር መናወጥ ተመታች። አብያተ ክርስቲያናቱ በምእመናን ተሞልተው፣ ሻማው በየመሠዊያው በርቶ ነበር። ጣራው በሕዝቡ ላይ ወረደ፤ ከፍርስራሹ ያመለጡት ወደ ወንዙ ዳርቻ ሲሸሹ ባሕሩ ተነሥቶ ወሰዳቸው፤ ከሻማውና ከምድጃው የተነሣው እሳትም ለቀናት ነደደ። የሞቱት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ቮልቴር ወዲያው በጻፈው ግጥም ሁሉ ነገር ለበጎ ነው የሚሉትን ፈላስፎች በንዴት ሞገታቸው፤ ሕፃናት በእናቶቻቸው ጡት ላይ ምን በደሉ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ከኢዮብ ጥያቄ የሚያንስ አይደለም። በሌላው ጫፍ ጣሊያናዊው የኢየሱሳውያን ካህን ጋብሪኤል ማላግሪዳ ቆመ። በ1756 ባሳተመው ጽሑፍ የጥፋቱ ምክንያት የተፈጥሮ ኃይል ነው የሚሉትን አጥብቆ ነቀፈ፤ ምክንያቱ የሊዝበን ሰዎች ኃጢአት ብቻ እንደሆነ፣ የሚያስፈልገውም ንስሐ እንደሆነ ሰበከ። ገና ሬሳ እየተለቀመ ላለ ሕዝብ የተሰጠ ስብከት ነው። የማላግሪዳ ቅንነት አያጠራጥርም፤ ያደረገው ግን ኤልፋዝ ያደረገውን ነው። መንግሥትም በጭካኔ መለሰለት። የወቅቱ ኃያል ሚኒስትር ፖምባል መጀመሪያ ከከተማው አስወጣው፤ በ1761 ደግሞ ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ በመናፍቅነት ተፈርዶበት በአደባባይ ታንቆ ተቃጠለ። ይህም የዚያ ዘመን ሌላ ሞኝነት ነው።

በሁለቱ ጫፎች መካከል ለሳልቪያን የሚቀርበውን ቃል የተናገረው ዣን ዣክ ሩሶ ነው። ነሐሴ 18 ቀን 1756 ለቮልቴር በላከው ደብዳቤ፣ ስድስትና ሰባት ፎቅ ያላቸውን ሃያ ሺህ ቤቶች በአንድ ስፍራ ያጨናነቀችው ተፈጥሮ እንዳልሆነች አመለከተ። ሰዎቹ ተበታትነው በቀላል ቤት ቢኖሩ ጉዳቱ ያንስ ነበር፤ ልብሳቸውን፣ ወረቀታቸውን፣ ገንዘባቸውን ለማውጣት ወደሚፈርስ ቤት ተመልሰው የሞቱም ብዙ ናቸው ብሎ ጻፈ። ሩሶን ልብ የለሽ ነው ብሎ መክሰስ ይቻላል፤ ገንዘቡን ሊያወጣ የተመለሰው ድሀ ያለችውን ሁሉ ሊያድን ነበርና። የሚነሣው ጥያቄ ግን ትክክለኛ ነው። የምድርን መናወጥ ሰው አላመጣውም፤ ቤቱን ግን ሰው ሠርቶታል። ቀጥሎ የሆነውም ይህንኑ ያስረዳል። መንግሥት ለየደብሩ የጥያቄ ወረቀት ልኮ መንቀጥቀጡ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ የትኛው ሕንፃ እንደወደቀ፣ ባሕሩ አስቀድሞ ሸሽቶ እንደሆነ ጠየቀ፤ የመለሱት የየደብሩ ካህናት ናቸው። አዲሱ የከተማው ማዕከል ሰፋፊ መንገድ ወጣለት፤ በየግድግዳው ውስጥም መንቀጥቀጥን የሚችል የእንጨት ማገር ገባ። ከአንድ መሠዊያ ሥር ቆመው ስለ ኃጢአታቸው የጸለዩ ካህናት ወደ ጠረጴዛቸው ሄደው ስለ ግድግዳ ሲጽፉ ጸሎታቸውን አልካዱም፤ ይልቁን ንስሐቸውን ወደ ሥራ አወረዱት።

በአገራችን ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወሰው የ1888–1892 ረኀብም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። ሕዝቡ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ብሎ ምሕላ ያዘ፤ ዝናቡ ቀርቶ፣ አንበጣ መጥቶ፣ ከብቱ አልቆ ሌላ ምን ይበል? የከብት በሽታው ግን የራሱ ታሪክ አለው። በ1887 ጣሊያኖች ለጦራቸው ብለው በምፅዋ በኩል ካስገቡት ከብት ጋር የመጣ ነው፤ ከአሥር በሬ ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል፤ ያለ በሬ ደግሞ እርሻ የለም። አፄ ምኒልክ በዚያ ጊዜ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው፣ መኳንንቱም እንዲቆፍሩ ማድረጋቸው ተመዝግቧል። ወታደር በገበሬ ቤት እየገባ የሚበላበት ልማድም በአሥራት ግብር እንዲተካ በ1892 ደነገጉ። ምሕላውና ድንጋጌው በአንድ ዘመን ጎን ለጎን መቆማቸው ለዚህ ክርክር ብዙ ይናገራል። ጸሎቱ ጥያቄውን አልዘጋውም፤ ሠራዊቱ በገበሬው ላይ ያደረሰውን ጫና መንግሥት ራሱ ለማየት ተገድዷል።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ጥያቄውን ይበልጥ አከበደው። በ1942 መጨረሻ፣ ሂትለር ጀርመንን በያዘ በአሥረኛው ዓመት ዋዜማ፣ ፓስተር ዲትሪሽ ቦንሆፈር ለወዳጆቹ ባዘጋጀው ጽሑፍ ሞኝነት ከክፋት ይልቅ ለበጎ ነገር አደገኛ ጠላት እንደሆነ ጻፈ። ሞኝነት የአእምሮ ማነስ እንዳልሆነ፣ ብዙ የተማሩ ሰዎች ሲሞኙ እንዳየ፣ ይህም ሰዎች ለሥልጣን ኃይል ራሳቸውን አሳልፈው ሲሰጡ የሚመጣ የሰውነት ጉድለት እንደሆነ ያስረዳል። መጽሐፈ ምሳሌ ስለ አንድ ሰው የተናገረውን ቦንሆፈር ስለ አንድ አገር ተናገረ። ሚያዝያ 9 ቀን 1945 በፍሎሰንቡርግ ተሰቀለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እግዚአብሔር የት ነበር የሚለው ጥያቄ ሲጮኽ፣ ጥያቄውን ለማንሣት ሙሉ መብት ያላቸው በናዚዎች የጋዝ ክፍሎች ደጃፍ የቆሙት ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኖቻቸውን ለናዚ ሰንደቅ የከፈቱት ሰባኪዎች አስቀድመው ሌላ ጥያቄ መመለስ ነበረባቸው። ጥያቄው አንድ ቢሆንም በአንደኛው አፍ አቤቱታ፣ በሌላው አፍ ማምለጫ ነው።

ብሪታንያዊው ጸሐፊ ሲ. ኤስ. ሉዊስ ደግሞ የሌላ ዓይነት ምስክር ነው። በ1940 ስለ ሥቃይ በሥርዓት የተደራጀ መጽሐፍ ጻፈ፤ ሰው ነጻ ፈቃዱን ተጠቅሞ አብዛኛውን መከራ ራሱ በራሱ ላይ እንደሚያመጣ አስረዳ። በ1960 ሚስቱ በካንሰር ስትሞት ግን በማስታወሻ ደብተሩ ያሰፈረው ሌላ ነው፤ በሩን እንደቆለፈበት አድርጎ በእግዚአብሔር ላይ ይጮኻል። ማስታወሻውን በ1961 ያሳተመው በብዕር ስም ነው። አንዳንዶች ሁለተኛው ሉዊስ አንደኛውን አፈረሰው ይላሉ። እኔ እንዲህ አላየውም። ካንሰሩ የማንም ሞኝነት ያመጣው አልነበረም፤ የምሳሌው ተግሣጽም ወደዚያ ቤት የሚገባበት ምክንያት የለውም። እዚያ የሚገባው ሰቆቃው ነው። ደግሞም ማስታወሻው እስከ መጨረሻው ራሱን መመርመሩን አላቆመም፤ ሐዘኑ ስለ ሚስቱ ይሁን ስለ ራሱ እየጠየቀ ነው የሚሄደው። ሁሉን የሚችል አምላክ ለምን አላስቆመውም የሚለውን ጥያቄ የክርስትና ትምህርት በአንድ ዓረፍተ ነገር አይዘጋውም። መዘጋት አለበት ብሎ የሚያስብም ኢዮብ ለምን መልስ ሳይሆን ጉብኝት እንደተሰጠው ይመልስልኝ።

በ1973 ወሎ ሲራብ ሁለቱ መንገዶች እንደገና ተለዩ። ድርቁ የእግዚአብሔር ሥራ ነው የሚለው አባባል ለገበሬው እምነቱ ነበር፤ ረኀቡን ለደበቁት ባለሥልጣናት ግን መጠለያቸው ሆነ። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ በዚያ ዓመት የአገሪቱ አጠቃላይ የምግብ ምርት ያን ያህል እንዳልወደቀ፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም እንዳልናረ፣ ይልቁንም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል እንደነበረ አሳዩ። ሰዉ የሞተው መግዣ አጥቶ ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም ከ1958 እስከ 1977 ያለውን የኢትዮጵያ ገጠር ረኀብ አጥንተው ገበሬው ክፉ ዓመት ሲመጣ የሚወድቀው በደጉ ዓመት ያመረተው በግብርና በኪራይ ስለሚወሰድበትና መጠባበቂያ ስለማይቀረው እንደሆነ ተከራከሩ፤ ድርቅ ሲመጣ የሚያገኘው አስቀድሞ የተራቆተ ሰው ነው። እዚህ ላይ አንድ ምእመን ቢቃወም እረዳዋለሁ። ሁሉን በሰው ላይ ካደረጋችሁት፣ ዝናብ የሚሰጠውና የሚከለክለው ማን ነው ሊል ይችላል። ዝናቡን በእግዚአብሔር እጅ ማመን ግን ጎተራውን ከመመርመር አያግድም። ዮሴፍ በግብፅ ሰባቱ የረኀብ ዓመታት ከእግዚአብሔር እንደሆኑ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር፤ ያንኑ ስላወቀ ነው በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ያከማቸው። በወሎ መንገድ ዳር የወደቀው ገበሬ ወደ ሰማይ ቢያለቅስ እንደ ኢዮብ የሚሰማለት አለው። መንገዱን ያጣመሙት፣ የምሳሌው ተግሣጽም የሚገባቸው፣ የእህሉን መዝገብ በእጃቸው ይዘው ዝም ያሉት ናቸው።